ስለ ፓርኪንሰን ሕመምተኛ አረማመድና በወለል ላይ ስለሚሠመር መሥመር

የፓርኪንሰን በሽታ በገባበት ቤት ቤተ ሰቡን ከመንቀጥቀጡ ይልቅ የሚያስጨንቀውና የሚያከራክረው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም የሕመምተኛው እግር አንድ ጊዜ የሚታዘዝ፥ ሌላ ጊዜ የማይታዘዝ መሆኑ ነው። የሰገነቱን ደረጃ ያለ ደጋፊ የወጡ አረጋዊ ከእልፍኙ ደፍ ሲደርሱ ጫማቸው ከመሬት ጋራ እንደ ተጣበቀ ሆኖ ቀጥ ብለው ይቆማሉ። ልጆቻቸውም ይህን ሲያዩ «አባባ እልክ ይዟቸው ነው እንጂ ደረጃ የወጣ እግር ደፍ መሻገር እንዴት ያቅተዋል?» ይባባላሉ። አሽከሩ ደግሞ በቅን ልብ ክንዳቸውን ይዞ ይስባል፤ እርሳቸውም ይወድቃሉ። በዛሬው ዐምዳችን ስለዚህ ነገር ለመጻፍ የፈቀድነው፥ ሁኔታው እልክም ስንፍናም አለመሆኑን፥ ደግሞም በጥቂት ብልሃት ሊቃለል የሚችል መሆኑን አንባቢዎቻችን እንዲያውቁት ብለን ነው።

በሽታው ስሙን ያገኘው በለንደን ከተማ በሆክስተን ሰፈር ሐኪም ከነበረው ከጄምስ ፓርኪንሰን ነው። እርሱም በ1817 ዓ.ም. (ዓመቶቹን ሁሉ የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) «የሚያንቀጠቅጥ ሽባነት» ብሎ ስለ ጠራው ሕመም አንዲት አነስተኛ መጽሐፍ አሳተመ። የተመለከታቸው ሰዎች 6 ብቻ ሲሆኑ፥ ከነዚሁም አንዳንዶቹን ያያቸው በመንገድ ነበር። በመንገድ በማየት ብቻ ሕመሙን ለመለየት መቻሉ በሽታው በአረማመድ ላይ የቱን ያህል ጎልቶ እንደሚታይ ያስረዳል፤ ሰውነት ወደ ፊት እንደሚያጎነብስና ርምጃው ሳይፈለግ ወደ ሩጫ እንደሚለወጥ በዚያው መጽሐፍ ገልጾታል። የፓርኪንሰን በሽታ ተብሎ እንዲጠራ ያደረገው ግን በኋላ የተነሣው የፈረንሳዩ ሐኪም ሻርኮ ነው።

ጤነኛ ሰው ሲራመድ ስለ እያንዳንዱ ርምጃ አያስብም። ከመንበሩ ተነሥቶ ወደ ደጅ ሲወጣ ልቡ በጉዳዩ ላይ ነው፤ ወይም ከባልንጀራው ጋራ እየተጫወተ ይሄዳል፤ እግሩ ግን ሥራውን በልማድ ይፈጽማል። ይህን የልማድ ሥራ ከሚመሩት ዋነኛው በአንጎል ጥልቅ ስፍራ የሚገኝ ክፍል ነው፤ ለሥራውም ዶፓሚን የሚባል ቅመም ያስፈልገዋል። በፓርኪንሰን በሽታ ዶፓሚንን የሚያመነጩት ሕዋሳት ቀስ በቀስ ይሞታሉ። ነገሩን በመሥሪያ ቤት ሥራ ብንመስለው፥ ሳይታዘዝ የዕለት ደብዳቤውን ሁሉ አዘጋጅቶ የሚያቀርብ ነባር ጸሐፊ በታመመ ጊዜ አለቃው እያንዳንዱን ወረቀት በገዛ እጁ ለመጻፍ እንደሚገደድ ማለት ነው። አለቃው መጻፍ አልረሳም፤ ነገር ግን በሌላ ጉዳይ በተጠመደ ቁጥር ሥራው ይቆማል። እንዲሁም የሕመምተኛው እግር ኀይሉን አላጣም፤ ያጣው ያለ ሐሳብ የሚመጣለትን ትእዛዝ ነው። ዓይን ከፊቱ የሚሻገረውን አንድ ግልጥ ነገር ሲያይ ግን፥ ሊቃውንት እንደሚያስረዱት፥ ትእዛዙ በሌላ የአንጎል መንገድ ዞሮ ወደ እግር ይደርሳል። ደረጃው ያልከለከላቸውን አረጋዊ ለጥ ያለው ወለል የከለከላቸው ስለዚህ ነው፤ እያንዳንዱ የደረጃ ጠርዝ ለዓይን «እዚህ ርገጥ» ይላል፥ ወለሉ ግን ምንም አይልም።

በለንደን ይሠራ የነበረው የነርቭ ሐኪም ጄምስ ፐርደን ማርቲን በ1967 ባሳተመው መጽሐፍ ይህንን ገልጾታል። በወለሉ ላይ በሕመምተኛው መንገድ አግድም፥ በርምጃ ልክ እየተራራቁ መሥመሮች ሲሠመሩ፥ መራመድ ያቃተው ሰው መሥመሮቹን እየተሻገረ ይሄዳል። በመንገዱ ርዝመት የተሠመሩት ግን ይህን ርዳታ አልሰጡም። ከዚህም በኋላ ከ1990 ወዲህ በነበሩት ዓመታት በአውስትራሊያ በሜልበርን ከተማ ሜግ ሞሪስና ሮበርት ያንሴክ ከባልደረቦቻቸው ጋራ የሕመምተኞችን አረማመድ በመለኪያ መሣሪያ መርምረው፥ ዋናው ጉድለት የርምጃ ማጠር መሆኑን አስረዱ። ሕመምተኛው እግሩን ቶሎ ቶሎ የሚያነሣው ያጠረውን ርምጃ በብዛት ለማካካስ ነው። በጤነኛ ሰው ርምጃ ልክ ምልክት በወለል ላይ በተደረገለት ጊዜ ግን ርምጃው ወደ ጤነኛው ርዝመት ተመለሰ። በፈረንሳይ አገር በማርሴይ በ1999 የታተመ ምርመራ ደግሞ አንድ የሚያስደንቅ ነገር ጨመረ፤ ይኸውም መሥመሮቹ ብልጭ ድርግም በሚል ብርሃን ሲታዩ ጥቅማቸው መጥፋቱ ነው። ከዚህ የምንረዳው ዓይን መሥመሩን በማየት ብቻ ሳይሆን፥ ተራማጁ ወደ ፊት ሲሄድ መሥመሩ ወደ እርሱ ሲመጣ በማየት እንደሚጠቀም ነው።

ሐኪም ያልሆነ ሰውም ይህን ሊያስተውል ይችላል። ሚሌሃ ሶኔጂ የተባለችው ህንዳዊት ንድፍ ሠሪ በፓርኪንሰን የታመመው አጎቷ በለጠ ወለል ላይ ሲቸገር ደረጃን ግን በደኅና ሲወጣና ሲወርድ አይታ፥ የደረጃ ሥዕል በወለሉ ላይ ብታነጥፍለት በሥዕሉ ላይ በደኅና ተራመደ፤ ይህንንም በ2015 በጉባኤ ፊት ተናግራዋለች። በኔዘርላንድ አገርም በጫማ ላይ ተገጥሞ በየርምጃው የብርሃን መሥመር ከፊት የሚጥል መሣሪያ ተሠርቶ፥ በ2017 የወጣው ምርመራ የእግሩ መቆም እንደ ቀነሰ አሳይቷል። መሣሪያው ለቻለው መልካም ነው፤ ለኛ ግን የሚጣበቅ ፕላስተርና አንድ መለኪያ የማይገኝበት ቤት ያለ አይመስለንም።

የቤቱ ሥራ እንዲህ ነው። አስቀድሞ ሕመምተኛው ብዙ ጊዜ የሚቆምበትን ስፍራ መለየት ይገባል፤ ይኸውም አብዛኛውን ጊዜ በር፥ ጠባብ መተላለፊያ፥ የአልጋ አጠገብና የመጸዳጃ ቤት መግቢያ ነው። ከዚያ በኋላ ፕላስተሩን ሁለት ጣት ያህል ወርድ አድርጎ፥ ከትከሻ እስከ ትከሻ በሚበልጥ ርዝመት፥ በመንገዱ አግድም መለጠፍ ነው። በመሥመርና በመሥመር መካከል ያለው ርቀት እንደ ሰውየው ቁመት ከ40 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ የአካል እንቅስቃሴ ሕክምና ዐዋቂ ቢገኝ እርሱ ቢለካው ይሻላል። አጥብቦ መሥመር አጭሩን ርምጃ ማስለመድ ነው። ወለሉ ነጣ ያለ ከሆነ ጥቁር፥ ጥቁር ከሆነ ነጭ ወይም ብጫ ይመረጣል። መሥመሩ ከደፉ ላይ ቢያበቃ ሰውየውም እዚያው ስለሚያበቃ፥ ከደፉ ወዲያ ሦስት አራት መሥመር መቀጠል ያስፈልጋል። በማእዘን ላይ ደግሞ እንደ ማራገቢያ ተዘርግተው ቢሠመሩ፥ በአንድ ስፍራ ከመሽከርከር ሰፋ አድርጎ መዞርን ያስተምራሉ። ሌሊትም መብራት ሊኖር ይገባል፤ ያልታየ መሥመር እንዳልተሠመረ ነውና።

እዚህ ላይ የብዙ ቤት እመቤቶችን ቅሬታ አስቀድመን እንሰማለን፤ «በእንግዳ መቀበያው አዳራሽ ላይ ፕላስተር ይለጠፍ? ስጋጃውስ ይነሣ?» የሚል ነው። በኛ አስተያየት ይነሣ። ሐረግና አበባ የበዛበት ስጋጃ ለዚህ ሕመምተኛ ዓይን ግራ የሚያጋባ፥ ጠርዙም እግር የሚጠልፍ ነው። እንግዳ ስለ መሥመሩ ቢጠይቅ ምክንያቱን መንገር ነው፤ የአዳራሹ ጌታ ከእንግዶቻቸው ፊት ከደጃፍ ቆመው ከሚቀሩ መሥመር ያለበትን ወለል ተራምደው ከወንበራቸው ቢቀመጡ ክብራቸው አይጎድልም። እንዲያውም አንዳንድ ሕመምተኞች ከቤት መውጣትን የሚተዉት በመታመማቸው ሳይሆን ሰው እያያቸው እግራቸው እንዳይቆም በመፍራት መሆኑን ቤተ ሰብ ቢያስብበት መልካም ነው።

የእግር መቆም በደረሰ ጊዜ አጠገብ ያለው ሰው ከሁሉ በፊት መሳብንና «ቶሎ በሉ» ማለትን ይተው። መሳብ ላይኛውን አካል ያስቀድማል፥ እግር ግን በኋላ ይቀራል። ሕመምተኛው ትግሉን ትቶ ይቁም፤ ቀና ይበል፤ ክብደቱን ወደ አንዱ እግር ያዛውር፤ ከዚያም በሌላው እግር ሰፊ ርምጃ ይራመድ። መሥመር በሌለበት ስፍራ ረዳቱ የራሱን እግር በአግድም ከሕመምተኛው ጫማ ፊት አድርጎ «አባባ፥ ይህችን ይሻገሩ» ቢል እግሩ ራሱ መሥመር ይሆናል፤ ነገር ግን ሕመምተኛው ሲነሣ ፈጥኖ ሊያነሣው ይገባል። በሚራመድበት ጊዜም ወሬ አለመጠየቅ፥ ሳህን ወይም ብርጭቆ አለማስያዝ ይሻላል፤ ሐሳቡ በተከፈለ ጊዜ ርምጃው ተመልሶ ያጥራልና።

ከዚህ ብልሃት ከሚሰጠው በላይ መጠበቅ ግን አይገባም። በቤልጅግ፥ በእንግሊዝና በኔዘርላንድ 153 ሕመምተኞች በየቤታቸው ለ3 ሳምንት በዓይን፥ በጆሮና በመዳሰስ ምልክት ሠልጥነው፥ ውጤቱ በ2007 ታትሟል። አረማመዳቸው በመጠኑ ተሻሻለ፤ ሥልጠናው ከቆመ ከ6 ሳምንት በኋላ ግን ጥቅሙ እየቀነሰ ሄደ። እንግዲህ መሥመሩ በየዕለቱ የሚሠራበት እንጂ አንድ ጊዜ ተወስዶ የሚያድን መድኀኒት አይደለም፤ ሁሉንም ሰው እኩል አይረዳም፤ ዓይኑ የደከመ ወይም ማስተዋሉ የተቀነሰ ሰው ላይጠቀምበት ይችላል። የሐኪሙን መድኀኒትም አይተካም። እግሩ የሚቆመው መድኀኒቱ ከመወሰዱ ጥቂት ቀደም ብሎ መሆን አለመሆኑን ቤተ ሰቡ ሰዓቱን እየጻፈ ለሐኪሙ ቢያቀርብ፥ ሐኪሙ የመድኀኒቱን ሰዓት ወይም መጠን ለማስተካከል ይረዳዋል፤ በገዛ ፈቃድ መጨመርም መቀነስም ግን አደጋ አለበት።

ፕላስተሩን በየሳምንቱ መመልከት ያስፈልጋል፤ ጠርዙ የተነሣ እንደ ሆነ እግር ስለሚጠልፍ በዚያኑ ቀን ይለወጥ።