የጂንካ ልጆች ወንበር ከወዲሁ ይታሰብ

በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ ጂንካ 20,267 ነዋሪዎች ነበሯት። ቀጣዩ ቆጠራ በተደጋጋሚ ተራዝሞ ቀርቷል። ያኔ በእናቱ ጀርባ ታዝሎ የተቆጠረ ሕፃን ዛሬ ሁለተኛ ደረጃን የሚጨርስበት ዕድሜ ላይ ነው፤ አሁን አንደኛ ክፍል የሚገቡት ግን በዚያ መዝገብ የሉም።

ከተማዋም ያኔ የነበረችው አይደለችም። የጂንካ ዩኒቨርሲቲ በ2010 ዓ.ም. ተማሪዎችን መቀበል ጀምሯል፤ የኦሞ ኩራዝ የስኳር ልማትም ከሩቅ አካባቢ ሠራተኞችን ወደ ደቡብ ኦሞ ዞን አምጥቷል። ሠራተኛ ሲመጣ ቤተሰቡ ይከተላል።

ስለዚህ የመማሪያ ክፍል ዕቅድ በመስከረም የምዝገባ ሰልፍ ላይ ሊጀመር አይገባም። ጤና ኬላዎች የሚከተቡ ሕፃናትን ይመዘግባሉ፤ ከ2008 ዓ.ም. መጨረሻ አንስቶ የልደት ምዝገባም በአገር አቀፍ ደረጃ ተጀምሯል። ዘንድሮ የተከተበ ሕፃን ከስድስት ዓመት በኋላ ወንበር ይፈልጋል። የትምህርትና የጤና ጽሕፈት ቤቶች መዝገቦቹን በየዓመቱ አብረው ይመልከቱ። ማዘጋጃ ቤቱም በየአዲሱ ሰፈር የትምህርት ቤት ቦታ ይከልል፤ የተከለለውንም ለሌላ አይስጥ።

የዞኑ ቆላማ ወረዳዎች ጉዳይ ደግሞ ይከብዳል። በዳሰነች ወረዳ የኦሞ ወንዝና የቱርካና ሐይቅ ሙላት በ2016 ዓ.ም. ብዙ ቤተሰቦችን አፈናቅሏል። የሐመርና የኛንጋቶም አርብቶ አደር ደግሞ ግጦሽና ውሃ ተከትሎ ይንቀሳቀሳል። እዚያ አራት ግድግዳ ማቆም ብቻውን ልጅን ትምህርት ቤት አያቆይም። ምግብና ውሃ የተሟላለት ማደሪያ፣ በተለይ ለልጃገረዶች፣ ከክፍሉ ግንባታ ጋር በአንድ በጀት ሊያዝ ይገባል። ዞኑ ይህን ቀጣዩ በጀት ከመጽደቁ በፊት ሊወስን ይገባል።