«ካልጮኹበት አይሠራም»

የአዲስ አበባው ሸጎሌ ሥራ የሚበዛበት ሰፈር ነው። ከከተማው አውቶቡስ ዴፖ ሹፌሩና ቲኬት ቆራጩ ገና ጎህ ሳይቀድ ይሰማራሉ። የከብት ገበያው ለገናና ለፋሲካ ሲሟሟቅ ነጋዴው ከደላላው፣ ባለከብቱ ከጫኝ አውራጁ ጋር አማርኛና አፋን ኦሮሞ እያቀላቀለ ይከራከራል። ወደ ሽሮ ሜዳ በኩል ዘለቅ ሲሉ ደግሞ ሸማኔዎች እግራቸውን ጉድጓድ ውስጥ ከትተው መወርወሪያ ያመላልሳሉ። የሥራው ዓይነት ብዙ ነው። ከሸጎሌ አልፎ ግን፣ ከግንባታ ቦታ እስከ መንግሥት ቢሮ፣ በአገሩ ሁሉ አንድ እምነት ሥር ሰድዷል፦ ሠራተኛ ካልጮኹበት አይሠራም።

እምነቱ የራሱ ወግ አለው። ፎርማኑ የቀን ሠራተኛውን በስሙ አይጠራውም፤ «አንተ!» ይበቃዋል። የሃምሳ ዓመቱን ዘበኛ የሃያ አምስት ዓመት ኃላፊ «ና ወዲህ» ይለዋል፤ ዘበኛውም ልጁ ሊሆን የሚችለውን ወጣት «አቤት ጌታዬ» ብሎ ይቀበላል። ሁለቱ ለቅሶ ቤት ቢገናኙ ኖሮ ያው ወጣት ከመቀመጫው ተነሥቶ «ጋሼ፣ እዚህ ይቀመጡ» ባለ ነበር። የጽዳት ሠራተኛዋ ጥፋት በሰው ሁሉ ፊት ይነገራል፤ በደንብ የሠራችበት ቀን ግን ማንም ሳያነሣው ይመሻል።

ይህን የሚያደርጉት ክፉ ሰዎች ብቻ አይደሉም። ብዙዎቹ ራሳቸው እንዲሁ ተጮኾባቸው ያደጉ ናቸው። አስተማሪ ገርፏቸው፣ የመጀመሪያው አለቃቸው አዋርዷቸው፣ ዛሬ ካሉበት ደርሰዋል፤ ስለዚህ እዚህ ያደረሳቸው ቁጣው ይመስላቸዋል። ያላዩት ነገር ቢኖር በዚያው ቁጣ ተሰብረው ከመንገድ የቀሩትን ነው።

ቁጣ ሥራ ያሠራል የሚለው አባባል ተፈትኖ ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ በሆነ የእስራኤል ጥናት፣ ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ጨቅላዎችን የሚያክሙ 24 የሐኪምና የነርስ ቡድኖች ሕመሙ የተባባሰበትን ሕፃን በሚመስል አሻንጉሊት ላይ ሙያቸውን እንዲያሳዩ ተደረገ። ለተወሰኑት ቡድኖች ከውጭ የመጣ ነው የተባለ ባለሙያ በአገሪቱ ሕክምና ላይ ንቀት ያዘለ አስተያየት ሰነዘረ። አልጮኸም፤ ማንንም በስሙ አልሰደበም። የተናቁት ቡድኖች ግን በሽታውን በመለየትም ሆነ በሕክምናው አፈጻጸም ከሌሎቹ አነሱ። አጥኚዎቹ ምክንያቱን ሲመረምሩ ዋናው ነገር ሁለት ሆኖ ተገኘ፦ የተናቁት የሚያውቁትን ለጓደኛቸው መናገር ቀነሱ፤ እርዳታ መጠየቅም ቀነሱ።

ይህን ወደ ማንኛውም ጋራዥ ማምጣት ነው። ፍሬኑ ያጠራጠረው ወጣት መካኒክ ትናንት «አንተን ማን ጠየቀህ?» ከተባለ ዛሬ ዝም ይላል። አውቶቡሱ ይወጣል፤ ተሳፋሪው አንድ አፍ ዝም በማለቱ የገባበትን አደጋ አያውቅም። አለቃው ግን የዚያን ቀን ጸጥታ እንደ ሥነ ሥርዓት ይቆጥረዋል።

የአገራችን የጤና ዘርፍ የክብርን ጥቅም በከፊል ተረድቶ ነበር። ከ2008 እስከ 2012 በተተገበረው የጤናው ዘርፍ የለውጥ ዕቅድ ከአራቱ ዋና ዋና አጀንዳዎች አንዱ «ሩህሩህ፣ አክባሪና ተንከባካቢ» ባለሙያ ማፍራት ነበር። ከሸጎሌ ብዙ የማይርቀውን ጳውሎስ ሆስፒታልን ጨምሮ ለአገሪቱ የጤና ተቋማት ሁሉ የታሰበ ነበር። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ጉድለቱ ክብር በዋናነት ከባለሙያው ወደ ታካሚው እንዲፈስ ማሰቡ ላይ ነው። ሌሊቱን ሙሉ በምትራገም አለቃ ሥር ያደረችን ነርስ ጠዋት ላይ ለታካሚ እንድትራራ ማዘዝ ይቻላል፤ ርኅራኄውን ከየት እንደምታመጣው ግን ዕቅዱ የተናገረው ጥቂት ነው።

ጉዳቱ ሥራው ላይ አይቆምም፤ ሰውነት ውስጥ ይገባል። በለንደን የመንግሥት ሠራተኞች ላይ ለአሥርተ ዓመታት የተካሄደው የኋይትሆል ጥናት እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣው ውጤት ከ6,400 በላይ ወንድ ሠራተኞችን ተከታትሏል። የተጠየቁት ነገር ቀላል ነበር፦ ያለ አግባብ ትወቀሳለህ? ከአለቃህ የማይምታታ መረጃ ታገኛለህ? ችግርህን ስትናገር ይሰማሃል? ጥሩ ስትሠራ ትመሰገናለህ? መልሳቸው ጥሩ የነበረው ሰዎች ለልብ ሕመም የመጋለጥ ዕድላቸው ከሌሎቹ በ30 በመቶ ያህል ያነሰ ሆነ። ምላስ አጥንት የለውም፣ አጥንት ይሰብራል የሚለው ያገሬው ተረት ስለ አጥንት እንጂ ስለ ልብ ደም ሥር አላሰበም ይሆናል፤ ግን ከጥናቱ ብዙም አልራቀም።

ጉዳቱ ማንነትንም ይነካል፤ በዚህ ረገድ የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ታሪክ ከየትኛውም ጥናት በላይ ይናገራል። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ብረት የሚቀጠቅጠውን፣ ሸማ የሚሠራውን፣ ቆዳ የሚፍቀውን በሙያው መስደብ ከለከሉ። የተሳደበ ንጉሡን እንደ ሰደበ እንዲቆጠር፣ ቅጣቱም የአንድ ዓመት እስራት እንዲሆን አዘዙ። ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው። አዲስ አበባ ውስጥ ዛሬም ከጋሞ ደጋ የመጣ ሸማኔ ሁሉ፣ ከየትኛውም ወገን ቢሆን፣ በጅምላ «ዶርዜ» ይባላል። ዶርዜ ከጋሞ ማኅበረሰቦች አንዱ ነው፤ ከተማው ግን የአንድን ሕዝብ ስም የሥራ መጠሪያ አደረገው፤ ከዚያም ሥራውን ዝቅ አድርጎ ስለሚያይ ስሙን ከነሕዝቡ ዝቅ አደረገው። ጥበቡን በበዓል ቀን ለብሶ የሚደምቅ ሰው የጠበበውን ሰው ስም ለመሳደቢያ ሲያውለው ማየት ያሳፍራል።

ከሁሉ የከፋው ለልጅ ነው። ሥራ ይማራል፣ ትምህርት ቤት ይገባል ተብሎ ከጋሞ አካባቢ የሚመጣ ሕፃን ሽመና ቤት ውስጥ ጉልበቱ መበዝበዙ ለዓመታት ሲዘገብ የኖረ ችግር ነው። እንዲህ ያለው ልጅ አማርኛን የሚማረው ከትእዛዝና ከግልምጫ ነው። ቋንቋው የሚያሳፍር፣ ስሙ የሚያስቅ መሆኑ በየቀኑ ሲነገረው፣ አድጎ ራሱን የሚያይበት ዓይን ያ የሰማው ይሆናል።

ዘመናዊው ፋብሪካም መድኃኒት አልሆነም። በ2008 ሐምሌ የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ደመወዝ የሚከፈልበትን ሥራ ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩ ብዙ ወጣት ሴቶችን ከእስያ ከመጡ አሠሪዎች ጋር አገናኘ። የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ አጥኚዎች በ2011 ባወጡት ዘገባ መነሻ ደመወዙ በወር 26 ዶላር እንደሆነ፣ ፋብሪካዎቹም በአማካይ በዓመት ውስጥ ሠራተኞቻቸውን በሙሉ እስከመተካት የሚያደርስ ያህል ሰው እንደሚለቅባቸው ጻፉ። ዋናው ምክንያት ክፍያው ነው ቢባል ትክክል ነው። ግን አንዲት ሠራተኛ በ26 ዶላር ላይ በማይገባት ቋንቋ ቁጣ ሲጨመርባት ትታ ብትሄድ «የሥራ ባህል የላትም» የሚላት ሰው ማን ነው?

ሕጉ ደግሞ በሩን የሠራው በተሳሳተ አቅጣጫ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኛውን ሰብዓዊ ክብር እንዲጠብቅ በአንቀጽ 12 ያዛል፤ ይህ ሊመሰገን ይገባዋል። ክብሩ የተነካ ሠራተኛስ ምን ያድርግ? አንቀጽ 32 ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራውን መልቀቅ ይችላል ይላል፤ ያውም በ15 የሥራ ቀን ውስጥ ካልተጠቀመበት መብቱ ይቀራል። በሌላ በኩል በሥራ ቦታ አምባጓሮ ያነሣ ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊባረር ይችላል። አለቃው ቢሰድበው ሠራተኛው ይወጣል፤ ሠራተኛው መልሶ ቢጣላም የሚወጣው ሠራተኛው ነው። ለቤት ሠራተኛዋ ደግሞ አዋጁ ራሱ አይደርስላትም። ያለ ውል የሚውለው የገበያ ተሸካሚ፣ በጥለት ብዛት የሚከፈለው ሸማኔም ሊጠቅሰው የሚችል አንቀጽ አለው ለማለት ይከብዳል።

ቁጣን የሚከላከሉ ሰዎች ተግሳጽ የባህላችን ነው ይላሉ። እውነት ነው። ተግሳጽ ግን ለብቻ ጠርቶ፣ ጥፋቱን ለይቶ፣ ሰውየውን ሳያዋርድ የሚነገር ነው፤ ሽማግሌ የሚከበረው ይህን ስለሚችልበት ነው። በሰው ፊት «ደደብ» ማለትን ተግሳጽ ብሎ መጥራት ሽማግሌዎቹን መስደብ ነው።

መፍትሔው ከሥልጠና አዳራሽ አይጀምርም። የኅብረት ስምምነት የሚፈራረሙ የሠራተኛ ማኅበራት የሠራተኛውን ጥፋት በሚዘረዝረው የዲሲፕሊን ሠንጠረዥ ውስጥ የአለቃውን ስድብም ከነቅጣቱ ያስገቡ። የኃላፊ የሥራ አፈጻጸም ሲሞላ ከሥሩ ያሉት ይጠየቁ። የአዲስ አበባ ሥራና ክህሎት ቢሮ ተቆጣጣሪዎችም ቆብና ጓንት መኖሩን አይተው አይመለሱ። አዋጁ ተቆጣጣሪው ሠራተኛውን ለብቻው የማነጋገር ሥልጣን ሰጥቶታል፤ ያንን ሥልጣን ይዞ አለቃው በሌለበት «እዚህ ሰዎች እንዴት ይነጋገራሉ?» ብሎ መጠየቅና መልሱን በሪፖርቱ ላይ መጻፍ አዲስ ሕግ አያስፈልገውም።