እያከበርን ራቅን

ፍልሰታ በገባ ቁጥር ደስታና ንዴት አንድ ላይ ይይዙኛል። ደስታው የሕፃናቱ ነው። ሰሞኑን ከቀትር በኋላ ጎፋ ገብርኤል ቅዳሴው ሊያበቃ ሲል እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው፣ ከፍ ከፍ ያሉትን እጅ እጃቸውን ይዘው ይሰለፋሉ። የቆረበው ሁሉ አፉን በነጠላ ሸፍኖ የቅዳሴ ጸበል ሊጠጣ ያልፋል። ይህን ያየ ሰው፣ ስለ እምነት መቀዝቀዝ በየቦታው የሚወራውን ሁሉ ይረሳል።

ንዴቱ የሚመጣው ሰልፉን ልብ ብለው ሲያዩት ነው። ሕፃናት አሉ፣ አረጋውያን አሉ፤ መካከሉ የለም። አንዲት እናት ልጇን አቁርባ አጠገቤ ቆማ የሕፃኑን አፍ በነጠላዋ ጫፍ ሸፈን ታደርጋለች። «አንቺስ እህቴ?» አልኳት። «እኔማ በምን ንጽሕናዬ ወንድሜ? ልጆቼን ላድርስና አንድዬ ዕድሜ ከሰጠኝ ሳረጅ» አለችኝ። ከልቧ ነው የተናገረችው። የሥጋ ወደሙ ክብር በደንብ ገብቷታል፤ ደጅ ያስቀራትም ይኸው ክብር ነው።

ከታክሲ መስኮት ተሳልሞ ስለ ማለፍም የቆየ ቅሬታ አለኝ። መሳለሙን አልነቅፍም፤ እኔም ሳልሳለም የማልፈው ደጅ የለም። የሚያንገበግበኝ ዕድሜ ልካችንን በመሳለም ብቻ መኖራችን ነው። ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ተጠምቀን የዚያኑ ዕለት ቆርበናል። ጉርምስና ሲመጣ ከሰልፉ እንወጣና የምንመለሰው ምርኩዝ ይዘን ነው። ትዳሩ፣ ንግዱ፣ ቂሙ፣ ፈተናው የሚበረታበት ዕድሜ ያለ ቁርባን ያልፋል። ኃይል የሚያስፈልገን ግን ያን ጊዜ ነበር።

ነቢዩ ኢሳይያስ እግዚአብሔርን በዙፋኑ ባየ ጊዜ የከንፈሩን መርከስ አስቦ ጠፋሁ አለ። ከሱራፌል አንዱ ከመሠዊያው ላይ ፍም በጉጠት ይዞ መጣና ያንኑ ከንፈር ዳሰሰው። ነቢዩ መፍራቱ ትክክል ነበር፤ እግዚአብሔርም የፈራውን ሰው ቀረበው። አባቶቻችን ሥጋ ወደሙን በዚያ ፍም የመሰሉት በከንቱ አይደለም።

«ታዲያ ሁሉም ዘው ብሎ ይግባ ነው የምትለው?» የሚሉኝ አይጠፉም። ማን አለ? ንስሐው ይቅደም፣ 18ቱ ሰዓት ይጾም፣ ጫማው ይውለቅ። በሰማንያ የተጋቡትም ተያይዘው ወደ ንስሐ አባታቸው ይሂዱና ትዳራቸውን በቁርባን ያጽኑት። ሥርዓቱ የተሠራልን ልንሄድበት ነው።

ንስሐ አባትን ካነሣሁ አይቀር፣ ያቺን እናት «የንስሐ አባትሽስ ምን ይላሉ?» ብያት ነበር። ጀሞ ኮንዶሚኒየም ከገባች ወዲህ አግኝታቸው አታውቅም። ስንቱ ነው እንደ እሷ የሆነው! ዕጣ የወጣለት ከጉለሌም ከልደታም ጓዙን ጠቅልሎ ወደዚህ ወደ ንፋስ ስልክ መጣ፤ የንስሐ አባቱ ግን በድሮው አጥቢያ ቀሩ። ለክርስትና ወይም ለተዝካር በስልክ ይጠራሉ። በየቀኑ የሚከማቸውን ኃጢአት የሚሰማ፣ «አይዞህ ልጄ፣ ይህን ቀኖና ፈጽመህ ቅረብ» የሚል አባት በአጠገቡ የለም። እንግዲህ እሷን ምን ብዬ ልወቅሳት? ብቻዋን ሆና እንዴት ደፍራ ትቅረብ?

ለሕንፃ ማሠሪያ ገንዘብ ስናሰባስብ ከየብሎኩ የማናንኳኳው በር የለም። የየአጥቢያው ሰበካ ጉባኤ በዚያው ትጋት ይዙርና ንስሐ አባት የሌለውን ምእመን ይመዝግብ፣ ካህንም ይመድብለት። የፍልሰታ ጾም እስከ ነሐሴ 15 ነውና፣ አባት ያለው ዛሬውኑ ይደውልላቸው። የሌለው ወደ አጥቢያው ጽሕፈት ቤት ይሂድና ይጠይቅ፤ ሳይሰጡትም አይመለስ።