ማባረርና ማሰናበት

«ማስጠንቀቂያ» የሚለው ቃል በዘመናችን መልካም ስም የለውም። በመሥሪያ ቤት ሲሰማ ከቅጣት በፊት የሚደርስ ደብዳቤ ነው፤ በባንክ ሲሰማ ብድሩን ያልከፈለ ሰው ቤቱ ሊሸጥበት መሆኑ ነው፤ በተከራይ ጆሮ ሲገባ ደግሞ «ውጣ» ከሚለው ቃል የሚለየው በፊደሉ ብዛት ብቻ ነው። የቃሉ ሥር ግን ጥንቃቄ ነው። ማስጠንቀቅ ማለት ሌላው ሰው እንዲጠነቀቅ፣ እንዲሰናዳ፣ ነገሩ ሳያስበው እንዳይወድቅበት ቀድሞ ማሳወቅ ነው። እንግዲያስ የመሰናጃ ጊዜ የሌለው ማስጠንቀቂያ ማስጠንቀቂያ አይባልም፤ መርዶ ነው።

ይህን ልዩነት ያስተማሩኝ ሁለት አከራዮች ናቸው።

የመጀመሪያው አከራይ ወደ ሲሬ ከመዛወሬ በፊት በነበርሁበት ከተማ ያለ ነው። ለሦስት ዓመት አንድም ወር ሳላዛንፍ ከፍዬዋለሁ። በነሐሴ መካከል፣ ዝናቡ ሌት ተቀን በሚወርድበት ሰሞን፣ በር አንኳኳና «ቤቱን ለራሴ ፈልጌዋለሁ፤ በአምስት ቀን ልቀቅ» አለኝ። ባለቤቴ አራስ ነበረች። ዕቃችን በጋሪ ተጭኖ፣ ፍራሹ በላስቲክ ተሸፍኖ፣ መጻሕፍቴ በማዳበሪያ ከረጢት ታጭቀው ወጣን። ግጥም የምጽፍበት ደብተር ረጥቦ ቀለሙ ፈሰሰ። ከአንድ ወር በኋላ በዚያ ስናልፍ «ለራሴ» የተባለው ቤት ውስጥ ሌላ ተከራይ ገብቶ ልብስ ሲያሰጣ አየን። ያስቀየመኝ ጭማሪው አልነበረም፤ ጭማሪ ቢለኝ እንነጋገር ነበር። ያስቀየመኝ፣ ሦስት ዓመት የኖርሁበት ደጅ አምስት ቀን ብቻ የሚያወጣ ሰው አድርጎ የቆጠረኝ መሆኑ ነው።

በሥራዬ ምክንያት ሌላም ነገር ያንገበግበኛል። አዋጅ ቁጥር 97/1990 ባንኮች በመያዣ የያዙትን ንብረት ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ እንዲሸጡ ሲፈቅድላቸው እንኳ፣ አስቀድመው ለተበዳሪው ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ እንዲሰጡ ያስገድዳቸዋል። ዕዳውን ያልከፈለ ሰው 30 ቀን አለው። ዕዳ የሌለብኝ እኔ አምስት ቀን ነበረኝ።

ሁለተኛዋ አከራይ የሲሬዋ ናቸው። እዚህ አገር ትልልቅ ሴቶች በኦሮምኛ «አዴ» ተብለው ይከበራሉና እኔም እንዲሁ እላቸዋለሁ። ባለፈው ዓመት ጥር ላይ፣ ስንዴው ተወቅቶ ጎተራ ከገባ በኋላ፣ ለቡና ጠሩን። ሁለተኛው ስኒ እስኪቀዳ ድረስ ስለ ምርቱና ስለ ገበያው ተወራ። ከዚያ ስኒያቸውን አስቀምጠው፣ «ልጄ፣ የሚከብድ ነገር አለኝ» አሉ። አዳማ የሚሠራው ልጃቸው ሊያገባ ነው፤ ሙሽሮቹ የሚገቡት እኛ ባለንበት ሁለት ክፍል ነው። «አሁን ውጡ አላልሁም። ልጅቷ ትምህርቷን ትጨርስ፤ ፈተናዋን ትፈተን። ሰኔ ሲያልቅ፣ ጭቃው ሳይከፋ ትሄዳላችሁ። እስከዚያ ቤቱ የእናንተ ነው።»

ከጥር እስከ ሰኔ! ቀኑን ማን አስተማራቸው? ውል አልነበረንም፤ የተነጋገርነው በቃል ነው። ሕግም አላነበቡም። ነገር ግን ጊዜውን የቆጠሩት በራሳቸው ጉዳይ ሳይሆን በእኛ ኑሮ ነበር፤ በትምህርት ቤቱ ደወል፣ በክረምቱ አገባብ፣ በወር ደመወዛችን።

እነዚያን አምስት ወራት ቀላል ነበሩ ብዬ ልዋሽ አልፈልግም። የሚለቁትን ቤት እያወቁ መኖር የራሱ ኀዘን አለው። ልጄ በጓሮ የተከለችውን ኮክ «ማን ያጠጣዋል?» እያለች ትጠይቅ ነበር። ነገር ግን ቤት ስንፈልግ ተመርጦ ነው፤ ተዋክበን ያገኘነውን አልያዝንም። አዴም ራሳቸው በየሰፈሩ ጠየቁልን። በወጣንበት ቀን ዳቦ ደፍተው ሸኙን። ሁለቱም አከራዮች ያስወጡን ለልጃቸው ወይም ለራሳቸው ብለው ነው፤ በሁለቱም ጊዜ ዕቃችን በጋሪ ተጭኗል። የመጀመሪያው ግን መባረር ነበር፤ ሁለተኛው መሰናበት። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የጊዜና የእውነት ልዩነት ብቻ ነው።

አርሲ ይህን ነገር ከማንም በፊት ማወቅ የነበረበት አገር ነው። በአባቶቻችን ዘመን በሰው መሬት ላይ የሚኖረው አራሽ «ጢሰኛ» ይባል ነበር፤ በሌላው ርስት ላይ ጢስ የሚያጨስ ማለት ነው። አንድ ሰው በምድር ላይ መኖሩ የሚታወቀው ከጎጆው በሚወጣው ጢስ ነበርና። በ1960 መባቻ በስዊድን መንግሥት እርዳታ በአሰላ የተቋቋመው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ ብዙዎች «ካዱ» የሚሉት፣ ምርጥ የስንዴ ዘርና ማዳበሪያ አመጣ። ዓላማው አነስተኛውን ገበሬ መርዳት ነበር፤ ስንዴ ትርፍ ሲያመጣ ግን ባለርስቶች በትራክተር ማረስ ጀመሩ፤ ትራክተር ሲመጣም ጢሰኛው ተፈናቀለ። የባለርስትንና የጢሰኛን ግንኙነት ያስተካክላል የተባለው ረቂቅ ሕግ በፓርላማ ሲንከባለል ኖሮ ሳይጸድቅ ዘመኑ አለቀ። ቀን የተነፈገው ሰው ብሶት ሲጠራቀም የት እንደሚደርስ የ1967 ዓ.ም. ሁለት አዋጆች ይነግሩናል፤ የካቲት 25 ቀን የገጠር መሬት፣ ሐምሌ 19 ቀን ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆኑ። በመልካም ፈቃድ ሊሰጥ ይችል የነበረው ጊዜ ሳይሰጥ ቀርቶ፣ ባለቤቱ ራሱ ያለ ማስጠንቀቂያ ከንብረቱ ተነሣ።

ዛሬ ሕግ የለም አይባልም። በ2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ ምክንያት የወጣው የአስቸኳይ ጊዜ ደንብ ተከራይን ማስወጣትንና ኪራይ መጨመርን ለጊዜው ከልክሎ ነበር። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የጸደቀው አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ደግሞ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድመ ክፍያው ከሁለት ወር እንዳይበልጥ፣ ክፍያውም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲፈጸም ይደነግጋል። ቤቱ በሽያጭ ወይም በውርስ ለሌላ ሰው ቢተላለፍ እንኳ ተከራዩ የስድስት ወር ማስጠንቀቂያ ይገባዋል። ስድስት ወር! አዴ በቡና ላይ ከሰጡን ጊዜ ብዙም አይርቅም። መልካም ሕግ ማለት ደግ ሰው ሳይታዘዝ የሚያደርገውን ሌላውም እንዲያደርግ ማዘዝ አይደለምን?

አከራዮችም የሚሉት አላቸው፤ መስማት ይገባል። በትናንሽ ከተሞች አከራይ ማለት ብዙ ጊዜ ባለ ሕንጻ ከበርቴ አይደለም፤ በሁለት ክፍል ኪራይ የምትተዳደር ባልቴት፣ ጡረታው ያልበቃው መምህር ነው። «ቀድሜ ከነገርሁት ኪራዩን ያቆምብኛል፤ በሩንና መስኮቱን ሰባብሮ ይሄዳል» ብለው ይፈራሉ። እንዲህ ያለ ተከራይ የለም አልልም። ነገር ግን የሚያፈርስ ተከራይ በአምስት ቀንም ያፈርሳል፤ እንዲያውም ያን ጊዜ ቂም ይጨምርበታል። እኛ እስከ መጨረሻው ወር ከፍለናል፤ ግድግዳውንም ኖራ ቀብተን ነው የወጣነው። የታመነ ሰው መታመኑን ላለማጣት ይጥራል።

ሌላም አገር አስቦበታል። በጀርመን አከራይ የሚሰጠው ማስጠንቀቂያ በኖሩበት ዘመን ይረዝማል፤ በመጀመሪያው ሦስት ወር ነው፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ስድስት፣ ከስምንት ዓመት በኋላ ዘጠኝ ወር ይሆናል። በዚህ ውስጥ ያለውን አሳብ እወደዋለሁ። ሰው በቆየበት መጠን ሥር ይሰዳል፤ ሥሩ የረዘመውን ለመንቀል ደግሞ ረጅም ጊዜ ያሻል። ይህን የማያውቅ ገበሬ በአርሲ የለም።

ስለዚህ የምለው አጭር ነው። ቤት የባለቤቱ ነው፤ የመፈለግም መብቱ ነው። በዚያ ቤት ውስጥ ያለው ኑሮ ግን የተከራዩ ነው። አከራይ ሆይ፣ ምክንያትህን እውነቱን ተናገር፤ ጊዜውን በተከራይህ ልጅ ትምህርትና በክረምቱ ቁጠር፤ ብዙ ለኖረው ብዙ ቀን ስጠው። ይህ ገንዘብ አያስወጣህም።

ደብተሬ ረጥቦ ከጠፉት ስንኞች መካከል እነዚህ ሁለቱ በልቤ ቀርተው ነበርና በእነርሱ ልሰናበት።

ቁልፉንስ ተረከብ፣ ያንተ ነው ግድግዳው፤
ቀኑን ብቻ ተውልኝ፣ ጓዜን ላሰናዳው።

ቸር እንሰንብት።