ይክበድ እንጂ ወረቀቱ ይታይ

ባለፈው ክረምት ጥሊሊ ከቤተሰቦቻችን ዘንድ ሳለን ዝናቡ ከቤት አላስወጣን ቢል፣ አንድ ጓደኛችን በላፕቶፕ ይዞት የመጣውን የጃፓን ጨዋታ ያዝን። ስሙ «ጎስትስ ኤን ጎብሊንስ» ሲሆን፣ ካፕኮም የተባለው ኩባንያ በ1985 እ.ኤ.አ. ያወጣው ነው። «ጊዜ አባካኞች» የሚሉን ወንድሞች አልተሳሳቱም፤ ድንቹ ሳይኮተኮት የዋለበት ቀን ነበር።

ጨዋታው ጨካኝ ነው። አርተር የሚባል ጥሩር ለባሽ ጦረኛ (በፈረስ አገር ላደግነው ለእኛ እግረኛ መሆኑ አሳዝኖናል) የተጠለፈች ልዕልት ሊያስመልስ ይዘምታል። አንድ ጊዜ ሲመታ ጥሩሩ ተገፎ በውስጥ ሱሪ ይቀራል፤ ሲደገም አጥንት ይሆናል። አንዴ ከዘለለ አየር ላይ አቅጣጫ መለወጥ አይሆንለትም። ይባስ ብሎ፣ እስከ መጨረሻው የደረሰ ሰው ያየው ሁሉ የሰይጣን ማታለያ ነው ተብሎ ከመጀመሪያው እንዲደግም ይታዘዛል። እኛማ የመጀመሪያውን መቃብር ሥፍራ ለማለፍ ሦስት ቀን ፈጀብን።

ሆኖም አልተውነውም። ይኸውም በወደቅን ቁጥር የጣለንን ነገር በዓይናችን ስለምናይ ነው። ባለ ክንፉ ቀይ ጋኔን ስንጠጋው ብድግ እንደሚል ያወቅነው ሞተን ነው፤ በማግስቱ ግን ተጠነቀቅን።

ስለዚህ ውድ መምህሮቻችንን በትሕትና እንጠይቃለን። ፈተናው ይክበድ፣ ግድ የለም። ነገር ግን ባለፈው መንፈቅ ከመካከላችን አንዳንዶቹ አንዲት ፊደል ብቻ ተለጥፎላቸው፣ የት እንደ ተሳሳቱ ሳያዩ «ድገሙ» ተብለዋል። የታረመው ወረቀት ለአንድ ሰዓት እንኳ በእጃችን ይግባ፤ አይተን እንመልሳለን።