ጭስ ማውጫውን ያልፋቀ ሠዓሊ

የመልክዓ ምድር ሥዕል ሲባል ብዙዎቻችን ጭስ የማይታይበት ተራራ፣ ፋብሪካ ያልደረሰበት ወንዝ ይታየናል። ይህ ልማድ ዐይናችንን ሰንፎ እንዲቀር አድርጎታል ባይ ነኝ። ምስክሬ ፈረንሳዊው ፖል ሴዛን ነው።

ሴዛን በማርሴይ አጠገብ የምትገኘውን ሌስታክን ደጋግሞ ሥሏታል። ሌስታክ የሜዲትራንያን ዳርቻ የዓሣ አጥማጆች መንደር ብቻ አልነበረችም፤ የጣራ ሸክላ የሚያመርቱ ፋብሪካዎችም ይጨሱባት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1876 ለወዳጁ ለካሚል ፒሳሮ በጻፈው ደብዳቤ፣ ቀያዮቹ ጣራዎች በሰማያዊው ባሕር ላይ እንደ መጫወቻ ካርታ ሆነው እንደታዩት ነግሮታል። ፀሐዩ ከመበርታቱ የተነሣ ጥላና ብርሃን ብቻቸውን አይበቁትም ነበር። ስለዚህ ርቀትን በጉም አላደበዘዘም፤ ባሕሩን እንደ ግድግዳ አቁሞ፣ ቀለምን ከቀለም እያጋጠመ ቦታውን ገነባ። በ1885 ገደማ በሣላቸው የሌስታክ ሥዕሎች የፋብሪካው ጭስ ማውጫ በጣራዎቹ መካከል ቀጥ ብሎ ቆሟል። ሠዓሊው ሊፍቀው ይችል ነበር፤ አልፋቀውም። መንደሩን ከባሕሩ ጋር የሚያያይዘው ምሰሶ እርሱ ነውና።

አቃቂ ቃሊቲ ባሕር የላትም። የቆርቆሮ ጣራ፣ የፋብሪካ አጥር፣ የባቡር ሐዲድ ግን አላት፤ ከበስተጀርባዋ የረርና ዝቋላ አሉላት። በጥር ቀትር ፀሐይ ቆርቆሮው ሲያንጸባርቅ ተራራው ሰማያዊ ሆኖ ቅርብ ይመስላል። ሴዛን ለፒሳሮ የጻፈለት ብርሃን ከዚህ ምን ያህል ይርቃል?

ገብረ ክርስቶስ ደስታ ከጀርመን ተምሮ ከተመለሰ በኋላ፣ በ1960ዎቹ፣ ረቂቅ ሥዕሎቹ ኢትዮጵያዊ ናቸው ወይስ አይደሉም የሚል ሙግት ተነሥቶ ነበር። ስለ አሣሣል ስልት ይህን ያህል ስንከራከር፣ የምንሥለውን ቦታ የመምረጡን ጉዳይ ግን ችላ ያልነው ይመስለኛል።

ጉዳዩ የውበት ብቻ አይደለም። ሴዛን በ1902 በጻፈው ሌላ ደብዳቤ የሌስታክ ዳርቻ በሥልጣኔ ስም መልኩ እንደተለወጠ አዝኖ ገልጿል። ምን እንደጠፋ ያወቀው አስቀድሞ አተኩሮ ስላየው ነው። የአቃቂ ወንዝ የከተማችንን ቆሻሻ ተሸክሞ ወደ አባ ሳሙኤል ሲወርድ የምናየው ስንቶቻችን ነን? ያላየነውን አንሥልም፤ ያልሣልነውንም ሲጠፋ አናለቅስለትም።

እናንተ ብሩሽ የጨበጣችሁ ወጣቶች ሆይ፣ ሸራችሁን ይዛችሁ ወደ አቃቂ ውረዱ። ጭሱንም፣ ወንዙንም፣ ተራራውንም ሣሉ። አንዱንም አትፋቁ።