የጋምቤላ መንገድና የጎማ ዕድሜ፦ የጭቃ ጎማ በእርግጥ ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል?

በጋምቤላ ክልል ከወረዳ ወረዳ የሚመላለስ ተሽከርካሪ በአንድ ቀን ጉዞ አስፋልት፣ ጠጠር፣ ቀይ አፈርና መረሬ ጭቃ ሊረግጥ ይችላል። በመሆኑም ሻጩ «60 ሺህ ኪሎ ሜትር ይሄዳል» ብሎ የሸጠው ጎማ በ30 እና በ40 ሺህ መካከል ቢያልቅ ሊያስገርም አይገባም። ጎማው የተነገረለትን ያህል የሚሄደው በተስተካከለ አስፋልት፣ በመጠነኛ ጭነትና በትክክለኛ ንፋስ ሲነዳ ነው፤ የእኛ አገልግሎት ግን ከዚህ የራቀ ነው።

ጉዳዩ የባለ ንብረቶች ብቻ አይደለም። ከጎደሬና ከመንገሺ የሚወጣው ቡናና ማር፣ ከአቦቦ የሚጫነው ምርት፣ ወደ ኢታንግና ወደ ኑዌር ዞን የሚገባው ሸቀጥ ሁሉ በጎማ ላይ የሚጓዝ ነው። ጎማ ፈጥኖ ሲያልቅ ወጪው በማጓጓዣ ዋጋ ላይ ይጨመራል፤ በመጨረሻም የሚከፍሉት አርሶ አደሩና ሸማቹ ናቸው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሬ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገና ብር ከቀድሞው ዋጋው ግማሽ ያህሉን በአጭር ጊዜ ካጣ ወዲህ፣ ከውጭ የሚገባ ጎማን በአግባቡ መጠቀም ከቀድሞው ይልቅ አስፈላጊ ሆኗል።

የጎማ ዓይነቶችና ልዩነታቸው

ለባለ አራት ጎማ አሽከርካሪ ፒክአፕና ሃርድቶፕ በገበያ የሚቀርቡት ጎማዎች በጥቅሉ ሦስት ናቸው። የአስፋልት ጎማ ጥርሱ ዝቅተኛና የተቀራረበ ሲሆን፣ አዲስ ሳለ የጥርሱ ጥልቀት ከ8 እስከ 9 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በተለምዶ «ኤቲ» የሚባለው የሁለቱም መንገድ ጎማ ከ11 እስከ 13 ሚሊ ሜትር ጥርስ አለው። «ኤምቲ» የሚባለው የጭቃ ጎማ ደግሞ ከ14 እስከ 16 ሚሊ ሜትር የሚደርስና የተራራቀ ጥርስ ይዞ ይመጣል።

ጥርሱ ረዘመ ማለት ግን ዕድሜው ረዘመ ማለት አይደለም። የጭቃ ጎማ አስፋልት ላይ ሲነዳ ተራርቀው የቆሙት ጥርሶች እየተወዛወዙ ይፋተጋሉ፣ ይሞቃሉ፣ ባልተስተካከለ ሁኔታም ይበላሉ። ከጎሬ በቡሬ በኩል ወደ ጋምቤላ የሚወርደውን ጠመዝማዛ ቁልቁለት አዘውትሮ ለሚመላለስ መኪና የጭቃ ጎማ ብክነት የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። በአንጻሩ በክረምት ባሮ ሞልቶ ውሃ በሜዳው ላይ ሲተኛ፣ በመረሬ አፈር ላይ የአስፋልት ጎማ ጥርሱ ወዲያው በጭቃ ስለሚሞላ ባለበት ይሽከረከራል። በዓመቱ ውስጥ ከግማሽ ያላነሰ ጉዞው በአስፋልትና በጠጠር ለሆነ ተሽከርካሪ «ኤቲ» የተሻለ ምርጫ ነው።

ስሌቱ እንዴት ይሠራል?

ቀላል የሆነ የሂሳብ መንገድ አለ። በአስፋልት 60 ሺህ ኪሎ ሜትር የሚሄድ ጎማ እንውሰድ። አንድ ኪሎ ሜትር የጠጠርና የድንጋይ መንገድ ጎማውን እንደ ሁለት ኪሎ ሜትር አስፋልት ይበላዋል ብለን እናስብ። ጉዞው እኩል በእኩል ከሆነ ጎማው የሚሄደው 40 ሺህ ኪሎ ሜትር ነው። ከአሥር እጅ ሰባቱ ጠጠር ከሆነ ደግሞ ወደ 35 ሺህ ይወርዳል። በወር 2 ሺህ 500 ኪሎ ሜትር ለሚሠራ መኪና የመጀመሪያው 16 ወር፣ ሁለተኛው 14 ወር ማለት ነው።

ይህ ግምት ነውና የራስን መንገድ መለካት ይበልጣል። ጎማው አዲስ ሳለ የክብሪት እንጨት በጥርሱ መካከል አስገብቶ ጥልቀቱን በማስመሪያ መለካትና መመዝገብ ነው። ለምሳሌ 12 ሚሊ ሜትር የነበረው ጥርስ 10 ሺህ ኪሎ ሜትር ተጉዞ 10 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ በየ10 ሺህው 2 ሚሊ ሜትር ይበላል ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነጥብ ሊስተዋል ይገባል። በብዙ አገሮች ለአስፋልት የተፈቀደው ዝቅተኛ ጥልቀት 1.6 ሚሊ ሜትር ነው። ለጭቃ ግን ጥርሱ ከ4 ሚሊ ሜትር በታች ሲሆን ጎማው የመያዝ አቅሙን በአብዛኛው አጥቷል። ስለዚህ በምሳሌያችን ያለው ጎማ በአስፋልት እስከ 52 ሺህ ኪሎ ሜትር ሊሄድ ቢችልም፣ ለክረምት ጭቃ ያለው ዕድሜ 40 ሺህ ነው። ወላድ ይዞ ለሚሮጥ አምቡላንስ ይህ ልዩነት የሕይወት ጉዳይ ነው።

ዕድሜውን የሚያሳጥሩ ነገሮች

የመጀመሪያው ንፋስ ነው። ንፋሱ ያነሰ ጎማ ጎንና ጎኑ እየታጠፈ ይሞቃል፤ ጋምቤላ በበጋ የሙቀት መጠኗ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በሚደርስባቸው ወራት የመፈንዳት አደጋው ይጨምራል። ከልክ በላይ የተሞላው ደግሞ መካከሉ ይበላል፣ ድንጋይም በቀላሉ ይቆርጠዋል። ንፋስ የሚለካው ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ ነው። ቀትር ላይ ከጉዞ በኋላ ለክቶ «በዝቷል» ብሎ ማስተንፈስ ስሕተት ነው፤ ሲበርድ ከልክ በታች ይሆናልና። ጭቃ ውስጥ ለመውጣት ንፋስ መቀነስ ይረዳል፤ ሆኖም ቀስ ብሎ መንዳት፣ አስፋልት ከመግባት በፊትም መልሶ መሙላት ግድ ነው። የእጅ ወይም የባትሪ መንፊያ ሳይዙ ማስተንፈስ አይመከርም።

ሁለተኛው ጭነት ነው። ከተፈቀደው በላይ የተጫነ መኪና የኋላ ጎማዎቹን አስቀድሞ ይጨርሳል። በየ8 እስከ 10 ሺህ ኪሎ ሜትር የፊቱን ከኋላው፣ ከተቻለም ከስኮርታው ጋር ማቀያየር ሁሉም እኩል እንዲያልቁ ያደርጋል።

ሦስተኛው እርጅና ነው። ብዙ የማይንቀሳቀስ ትራክተር ወይም የመሥሪያ ቤት መኪና ጎማ ጥርሱ ሳያልቅ በፀሐይ ይሰነጠቃል። የተመረተበት ጊዜ በጎማው ጎን «ዲኦቲ» ከሚለው ምልክት በኋላ በሚገኙ አራት አኃዞች ይታወቃል። 2323 የሚል ከሆነ በ2023 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 23ኛው ሳምንት፣ በእኛ ግንቦት 2015 መጨረሻ ገደማ የተመረተ ነው። ዘመን አቆጣጠሩን ሳያመሳክር የሚገዛ ሰው የቆየን ጎማ እንደ አዲስ ሊገዛ ይችላል። አምስት ዓመት ያለፈው ጎማ በየዓመቱ እንዲመረመር፣ አሥር ዓመት የሞላው ደግሞ ጥርስ ቢኖረውም እንዲቀየር ይመከራል።

ምን ይደረግ?

ጎማ ሲገዛ ዋጋውን ከሚሄድበት ኪሎ ሜትር ጋር ማካፈል ይገባል። በሩብ የረከሰ ጎማ ግማሽ መንገድ ብቻ ከሄደ፣ ለእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር የሚወጣው ወጪ በአንድ ተኩል እጥፍ ይበልጣል። ኅብረት ሥራ ማኅበራትና የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች ለየተሽከርካሪው ጎማው የገባበትን ቀን፣ የኪሎ ሜትር ንባቡንና የጥርሱን ጥልቀት የሚይዝ አንድ ደብተር ቢከፍቱ፣ ከአንድ ዓመት በኋላ የትኛው ጎማ ለየትኛው መንገድ እንደሚበጅ በራሳቸው ማስረጃ ያውቃሉ። ጥልቀቱ ወደ 4 ሚሊ ሜትር የተጠጋውን ጎማ ዝናቡ ሳይገባ፣ በመጋቢት ወይም በሚያዝያ መቀየርም በሐምሌ ጭቃ ውስጥ ቆሞ ምርት ከማበላሸት ያድናል።